ዘውዴን ማን ይጥራው

ታኅሣሥ 12 ቀን 1930

ማሽላውን ወቅተን ጨረስን። ወገቤ ተቆርጧል። ንዳዱም ትናንት ለቀቀኝ፣ ምስጋና ለሚካኤል። ከሰዓት በኋላ ሮቢ ወንዝ ዳር ወረድኩ። ጓደኛዬ ወንድሙ ቁጭ ብሎ የገና ዱላ ይጠርባል።

«ዘንድሮም ልንጫወት ነው?»

«ጣሊያን መጣ ተብሎ ገና ይቀራል እንዴ?»

እውነቱን ነው። ግን ማን ቀርቶ ነው የምንጫወተው? ግማሹ ዳገት ወጥቶ ሸፍቷል። ግማሹ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ ይፈልጣል።

ታኅሣሥ 14

ለገናው ሕግ ተሰበሰብን። እንደ ወትሮው ተጨቃጨቅን። ዳኛው ጋሼ ገብረሚካኤል ናቸው... ሌላ ሰው ቢዳኝ ማን ይሰማዋል? በእኛ በኩል ሾላው፣ በእነሱ በኩል ቋጥኙ ድንበር ነው። ሩሯ፣ ያቺ የእንጨት ኳስ፣ ድንበር ካለፈች አንድ ይቆጠራል። ዱላውን ከትከሻው በላይ ያነሣ ይወጣል። (የወንድሙን የፊት ጥርስ ያየ ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።) ወገኑን ለቆ በባላጋራው በኩል የቆመ «ሚናህን ለይ!» ይባላል፣ ወደ ወገንህ ተመለስ ማለት ነው። የሚጠራው የተሻገረበት ወገን አባት፣ አለቃው፣ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠርቶ ካልተመለሰ አንድ ይቆጠርበታል። ስድብ አያስቆጣም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ።

የእኛ ወገን አባት ሷሊሕ ሆነ። እስላም ሆኖ ገናን ከሁላችንም በላይ ይወዳል። «እናንተ ስለምትጾሙ አቅም የላችሁም፣ ለዚህ ነው የምረታችሁ» እያለ ያበሽቀናል።

ልንበተን ስንል ዘውዴ መጣ። ጠብመንጃውን አንግቷል። ባንዳ ከገባ ወዲህ ማንም በሩን አልረገጠም። ቤቱ ሲቃጠል፣ ልጆቹ ሲራቡ፣ ለዱቄት ብሎ እንደገባ ሁላችንም እናውቃለን። ማወቅ ሌላ፣ ይቅር ማለት ሌላ።

«ልጫወት» አለ።

ወንድሙ ምራቁን እንትፍ አለ። እኔም ደስ አላለኝም፣ ለምን እዋሻለሁ? ሷሊሕ ግን ተነሣ።

«ወላሂ ይጫወታል! አብሮን ያደገ ልጅ አይደለም? ጠብመንጃውን ከሜዳ ውጭ ያኑር እንጂ።»

ጋሼ ገብረሚካኤል «ይሁን» አሉ። ያ ደግሞ ሕግ ሆነ። ዘውዴ ለወዲያኛው ወገን ደረሰ።

ታኅሣሥ 20

ሦስት ለሁለት ረታን! ዘውዴ እንደ ድሮው ነው፣ ሩሯን ሲያባርር ወገኑን ይስታል። ሷሊሕ ሁለት ጊዜ ጠራው፣ በሦስተኛው ሮጦ ተመለሰ። ሳቅን። ዘውዴም ሳቀ... ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ?

ታኅሣሥ 24

ከካራቆሬ ወዲህ የስልክ ሽቦ ተቆርጧል አሉ። ሁለት መንገድ ሠራተኛ ታስሯል። ከበቡሽ «ዘንድሮስ ቢቀርባችሁ» አለችኝ። ሚስት መቼ ገና ትወዳለች ብዬ አለፍኩት።

ታኅሣሥ 29

ዛሬ ገና ነበር።

ቅዳሴ ወጥተን፣ በልተን ጠጥተን ወረድን። ሰው ሁሉ ወጥቷል። የጣሊያኖቹ ካፒቴን ሊያይ መጣ፣ ወንበር አወጡለት። ከጎኑ አስተርጓሚው። ከተማ ያደገ ነው መሰለኝ፣ ገና ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ዱላውን አይቶ «ሊደባደቡ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው።

ሁለት ለሁለት ነበርን። ዘውዴ ሩሯን ተከትሎ እኛ መሀል ገባ። ሷሊሕ ዱላውን እያወዛወዘ ጮኸ።

«ዘውዴ! ሚናህን ለይ! ኧረ አንተ ሰው፣ ሚናህን ለይ!»

ሕዝቡ አውካካ። በገና ነዋ... ስድቡ፣ ግጥሙ፣ ሁካታው። ካፒቴኑ አስተርጓሚውን ጠየቀው። ምን ብሎ እንደነገረው ዘውዴ ቆይቶ ነገረን፦ «የመንግሥትን ወታደር ከመንግሥት ተለይና ወገንህን ምረጥ እያለው ነው።»

ሷሊሕን ከሜዳው መሀል ይዘውት ሄዱ። የገና ዱላው ከእጁ አልወጣም ነበር። «ምን አደረግሁ? ጨዋታ ነው እኮ!» ይላል። ማን ይስማው? ሽቦ በተቆረጠ ሰሞን!

ጥር 1

ዘውዴ ቤቴ መጣ። ከበቡሽ ቁጭ በል አላለችውም። እኔም አላልኩትም። ቆሞ ተናገረ።

«ለካፒቴኑ የጨዋታ ቃል ነው አልኩት። በልጆቼ ማልኩለት። ‹እንግዲያው እፊቴ ተጫወቱ። ቃሉ የጨዋታ ከሆነ ከጨዋታው ውስጥ ይወጣል። ከወጣ ሷሊሕን እፈታዋለሁ› አለኝ።»

«ካልወጣስ?»

«ነገ ነው» አለ። «እኔ እሻገራለሁ። እናንተ ትጠሩኛላችሁ። ሌላ ምንም የለም። በሷሊሕ ቦታ አንተ አባት ሁን፣ ደስታ፣ ድምፅህ ወፍራም ነው።»

እሺ አልኩ። ምን ችግር አለው? ሁለት ቃል ነው።

ጥር 2

አልቻልኩም።

የጣሊያን ሰፈር ግቢ ውስጥ አጫወቱን። ዙሪያውን ወታደር ቆሟል። ሷሊሕ ግራር ሥር ታስሮ ተቀምጧል። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ጠፍቷል። ገና ሳንጀምር አስተርጓሚው «ቃሉን የሚናገረውን ሰው ካፒቴኑ በደንብ ሊያየው ይፈልጋል» አለን። ደግሞ እየሳቀ። ይህን ምን ለማለት ነው የተናገረው? ሷሊሕን ሊፈታው ነው? ወይስ ቀጥሎ ጠሪውን ሊያስረው?

ጀመርን። ዘውዴ ወዲያው ተሻገረ። ሩሯም አጠገቡ አልነበረችም፣ ዝም ብሎ መጥቶ እፊቴ ቆመ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ አልወጣም። ወንድሙን አየሁት፣ መሬት መሬት ያያል። ዘውዴ ተመለሰና እንደገና ተሻገረ።

«ጥራኝ እንጂ» አለኝ በቀስታ። «ደስታ፣ በማርያም ጥራኝ።»

ሷሊሕ ባልጠፋው ዓይኑ ይመለከተኛል። ጠብመንጃዎቹንም አያለሁ። ከበቡሽን አስባለሁ። አሁን እላለሁ፣ አሁን እላለሁ...

ጋሼ ገብረሚካኤል ጮኹ፣ «የወገኑ አባት! ሥራህን ሥራ!» ድምፃቸው ተሰበረ። ዳኛ መጥራት አይችልም፣ ሕጉ ነው። ምነው ዛሬስ ሕጉን በረሱት! እኔስ አስታውሼው ምን ሠራሁበት?

ዘውዴ በሦስተኛውም ቆመ። ከዚያ ዱላውን ጣለ። አስተርጓሚው ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ትከሻውን ነቀነቀ። «እንደዚህ የሚባል ቃል የላቸውም» ማለቱ ነው። ለዚህ ትርጉም አላስፈለገኝም።

ጥር 3

ሷሊሕን ገበያው መሀል ሰቀሉት።

ጥር 8

የሷሊሕ ሚስት ሐቢባ ቤት ለልቅሶ ሄድን። «አላህ ሰብሩን፣ ጽናቱን፣ ይስጥሽ» አልናት። ቤቱ ሰው ሞልቷል። አንዲት ሴትዮ «ያ ባንዳ ነው ያስበላው፣ ጓደኛ መስሎ ገብቶ» አለች። ሌላዋ «አዎ፣ በካፒቴኑ ፊት ሲሄድ ሲመለስ ነበር አሉ፣ ምልክት ሲሰጥ» አለች። ሐቢባ ወደ እኛ አየች። እዚያ የነበርነው እኛ ነን።

መናገር ነበረብኝ። ወንድሙ ክርኔን ጫን አለኝ። ወጥተን ስንሄድ «ባንዳ ባንዳ ነው፣ ይባል» አለ። «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።»

የሐቢባ ወንድም አሊዪ ዳገት ላይ ከአርበኞቹ ጋር ነው። ይህ ወሬ እሱ ዘንድ የማይደርስ ይመስል!

ጥር 13

ጥምቀት ሲከበር አልወጣሁም። ዘውዴን ዛሬ ውኃ መቅጃው ላይ አገኘሁት። ከስቷል። «ሰው የሚለውን ሰምተሃል?» አለኝ። ሰምቻለሁ አልኩ። «አንተ ንገራቸው። እኔን ማን ያምነኛል?» እነግራለሁ አልኩት። ዛሬ ልሂድ ብዬ ነበር... ፀሐዩ ከረረ። ነገ።

ጥር 15

ሐቢባ ዘንድ ሄድኩ። ትናንት መሄድ ነበረብኝ፣ እግሬ እምቢ ብሎኝ ዋለ። ሁሉንም ነገርኳት። ዘውዴ ሦስት ጊዜ እንደተሻገረ። እፊቴ ቆሞ እንደለመነኝ። የምጠራው እኔ እንደነበርኩ። ትጮኻለች፣ ትረግመኛለች ብዬ ነበር። ጥጥ ትፈትላለች፣ እንዝርቷን አላቆመችም። ጨርሼ ዝም ስል ነው ያቆመችው።

«ይህን ትናንት እንዳትነግረኝ ማን ከለከለህ?»

«ፈራሁ።»

«ትናንት አሊዪ ወርዶ ነበር» አለች። «እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከእነ ደስታ አፍ የወጣ ማስተባበያ የለም አልኩት።»

ከእሷ ቤት እየሮጥኩ ወጣሁ። ለምን እንደምሮጥ አላውቅም። ዘውዴን ወንዙ ማዶ እርሻው ውስጥ ተገድሎ አግኝተውታል፣ ሰው ከቦት ቆሟል።

ጥር 16

ዘውዴን ቀበርን። አራት ሰው ነበርን፤ ከቄሱ ጋር አምስት። ጋሼ ገብረሚካኤል በሽምግልናቸው አፈር ሲዝቁ ዋሉ፣ አካፋውን ልቀበልዎ ብላቸው አልሰጡኝም። ቀና ብለውም አላዩኝም። ወንድሙ አልመጣም። የዘውዴ ልጆች ከሣር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ነበር፣ ትንሿ «አባዬን ለምን ገደሉት?» አለችኝ።

ከቀብር ስመለስ ገበያ ገባሁ። «ባንዳው ዋጋውን አገኘ» ይላሉ። አይደለም አልኩ። ጨው ነጋዴዎቹ ዘንድ ሄጄ አይደለም አልኩ። ጠጅ ቤት ገብቼ ጮኼ ተናገርኩ፣ ስለ ቃሉ፣ ስለ ሷሊሕ፣ ስለ ካፒቴኑ፣ ስለ ራሴ። ሰዉ ጽዋውን እየተወ ወጣ። አብዷል ያለም አለ።

ከበቡሽ መጥታ እጄን እየጎተተች ወደ ቤት ወሰደችኝ። በሩን ዘግታ አፌን በመዳፏ ያዘችው። «ዝም በል» አለችኝ እያለቀሰች፣ «ዝም በል፣ አንተንም ይሰቅሉሃል!»

እጇን ከአፌ ላይ አነሣሁት። ዝም ብዬ እኮ ነው ሁለት ሰው የቀበርኩት።