የሁሉም የእህት ልጅ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7
ዝናብ። እማ ጎህ ሳይቀድ ወጣች። የምትሠራበት የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ያረፈደ አያስገባም። የማለዳው አውቶቡስ ከቀረ ወዲህ ጂትኒ በምንላት በገዛ መኪናው፣ በክፍያ የሚያደርሳት ሚስተር ሌሙኤል ነው። የታክሲ ፈቃድ ስለሌለው፣ ሰው ከጠየቀ “የእህቴ ልጅ ነው” ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ስልሳ አልፎታል እኮ...

መኪና የሚፈልጉ ሰዎች ሲደውሉ ስልኩን የማነሳለት እኔ ነኝ። ሰው ፊት አፍራለሁ፤ በስልክ ሲሆን ግን አላፍርም። ለምን ይሆን?

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9
ከዩኒቨርሲቲው አንዲት የኢኮኖሚክስ ፕሮፌሰር መጣች። ኪትሪጅ ትባላለች። ሰው ሥራ ቦታው በምን እንደሚደርስ ታጠናለች። አውቶቡሱ ይመለስ አይመለስ የሚወሰነው ጥናቷ ታይቶ ነው። እማም፣ ጎረቤታችን ሚስ ቨርሊንም... “የእህቴ ልጅ ያደርሰኛል።” ፕሮፌሰሯ ደስ አላት። እዚህ ሰፈር ዘመድ ዘመዱን ያደርሳል አለች። እኔ ወለሉን አየሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 10
ዘመድ ያደርሳቸዋል ብላ ከጻፈች አውቶቡስ አያስፈልጋቸውም ይባላል፤ ቀረ ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12
የሚስተር ሌሙኤል መኪና አልነሳ አለ። እማ ሮጣም አልደረሰችም። አለቃዋ ሌላ ቀን ካረፈድሽ እንዳትመጪ ብሏታል። ለፕሮፌሰሯ እውነቱን እንንገራት አልኩ።
“አፍሽን ያዢ። ሰውየውን ልታስከስሺው ነው?” አለች እማ።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15
ፕሮፌሰሯ ሚስ ቨርሊንን ፈልጋ አጣቻት። ደረጃው ላይ እኔን አገኘች። ከአፌ ወጣ።
“የሚያደርሳቸው ሰው የማንም የእህት ልጅ አይደለም።”
“ታዲያ ማነው?”
“ስሙን አልነግርዎትም።”
እስክሪብቶዋን ኪሷ ከተተች።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 18
ፕሮፌሰሯ ቤቶቹን እንደገና እየዞረች ነው። አሁን ማን ያደርሳችኋል አትልም። ያ ሰው ባይመጣስ በምን ትሄዳላችሁ ነው የምትለው። ሚስ ቨርሊን “በእግዜር” ብላታለች።

ለፕሮፌሰሯ ያልኳትን ለሚስተር ሌሙኤል ራሴ ነገርኩት። ጥሩ አደረግሽ አላለም። መጥፎም አላለም። ስልኩ እየጠራ ነው አለኝ።

ሰኞ፣ ማርች 3
የፕሮፌሰሯ ጥናት ታይቶ አውቶቡሱ ዛሬ እንደገና ጀመረ። ሚስተር ሌሙኤል እንደ ልማዱ መኪናውን አስነስቶ በራችን ላይ ቆሟል። እማ አለፈችው። አውቶቡሱ ውስጥ ሆና እጇን አነሳችለት። እሱም አነሳ።
ወጥቼ ከጎኑ ገባሁ።
“የት ልውሰድሽ?”
“የትም።”
ሞተሩን አጠፋው። መንገዱን እያየን ተቀመጥን። ብዙ ቆይቶ ሁለተኛው አውቶቡስ ሲያልፍ ሰዓቱን አየ።
“አርፍዷል” አለ።