መስማት ለተሳናት ልጄ ሬዲዮ ስለ ተመደበላት የቀረበ ምስጋና

ይድረስ በከፍተኛ አክብሮት፣ ለትምህርት ቤቶች መክፈቻ ዕቅድ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ፤
ካሉበት ቢሮ።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን ከሁለት ሜትር ርቀት ላይ ቆሜ አቀርባለሁ። እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ግንባራችሁ ቀዝቃዛ፣ ጉሮሯችሁ እርጥብ፣ ትንፋሻችሁ ሙሉ ይሁንልኝ። በእኔ ቤት በኩል፣ ተመስገን ነው፣ ሳል የለብንም፣ ትኩሳትም የለብንም፤ ያለብን የእርስዎ ዕቅድ ብቻ ነው።

የሚጽፍልዎትን ሰው ያውቁት ዘንድ፣ እኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተቀምጬ ሬዲዮ፣ ቴፕና የተበላሸ ካውያ የምጠግን ሰው ነኝ። ባለቤቴ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ናት። ያለችን አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ስድስተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ከተወለደች ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። የምልክት ቋንቋ መምህርቷ «ለፍላፊዋ» የሚል ስም አውጥታላታለች፤ እጆቿ ማረፍ አያውቁማ! እየበላች ማንኪያዋን አስቀምጣ ታወራለች፣ ፊቷን እየታጠበች ሳሙናውን ጥላ ታወራለች፣ ተቆጥተን ተኚ ስንላት ከብርድ ልብሱ ሥር እጇን አውጥታ አንድ ነገር ሳትጨምር አትተኛም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ስለ ዕቅድዎ በየቤቱ የሚባለው እርስዎ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል በሚል ቅን ግምት፣ የእኛን ቤት ድርሻ በቁጥር ከፋፍዬ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ። ወረርሽኙ ትምህርት ቤቱን ባስዘጋ ጊዜ ኮሚቴዎ ትምህርቱ በሬዲዮ እንዲሰጥ መወሰኑን በአድናቆት አስታውሳለሁ። በዚህ ውሳኔ ከማንም በላይ የተጠቀምኩት እኔ ነኝና ምስጋናዬ ከልብ ነው። በየጓዳው አቧራ ሲጠጣ የኖረ ሬዲዮ ሁሉ አንቴናው ተሰብሮ፣ የባትሪ ድንጋዩ አብጦ፣ ወደ ሱቄ ተግተለተለ፤ እኔም ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሒሳቡንና ሳይንሱን እየበየድኩ ላክሁ። ልጄም እንደ እኩዮቿ ደብተሯን ይዛ፣ ፀጉሯን ተበጥራ፣ ከሬዲዮኑ ፊት ተቀመጠች። መዳፏን ስፒከሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ሲንቀጠቀጥ መምህሩ እየተናገረ እንደሆነ ታውቃለች፤ ሲያቆም ቀና ብላ ምን አለ ብላ በእጇ ትጠይቀኛለች። የእኔ የእጅ ቋንቋ ግን፣ ክቡር ሆይ፣ የቤት ቋንቋ ነው፤ ብይ፣ ነይ፣ ተኚ፣ ጎበዝ ከሚለው ብዙም አይርቅም። ብርሃን አስተጻምሮን በየትኛው ጣት እንደሚሉት ስለማላውቅ፣ ወደ ፀሐይና ወደ ቅጠል እየጠቆምኩ ላቤ እስኪንጠፈጠፍ ታገልኩ፤ እሷም አዝናልኝ ገባኝ አለችኝ።

ይህንኑ ለማመልከት ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ትሁት ወጣት ጉዳዬን እስከ መጨረሻው ካዳመጠኝ በኋላ «አባቴ፣ እስቲ ድምፁን ትንሽ ከፍ ያድርጉላት» ሲል መከረኝ። ምክሩን ንቄ እንዳልቀረሁ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሬዲዮኑን እስከ ጥጉ ከፍ አደረግሁት፤ ጎረቤቱ በሙሉ፣ አልጋ ላይ የዋሉትን አዛውንት ጨምሮ፣ ስድስተኛ ክፍልን ተማረ። ያልተማረችው የእኔ ልጅ ብቻ ናት።

ሁለተኛ። ትምህርት ቤቶች ገጽ ለገጽንና ርቀትን ባጣመረ ዘዴ፣ የሳምንቱን ግማሽ በክፍል፣ ግማሹን በቤት ሆነው እንዲከፈቱ በመወሰኑ በቤታችን የነበረውን ደስታ ልገልጽልዎ ቃል ያጥረኛል። ልጄ ዩኒፎርሟን ራሷ አጠበች፣ ራሷ ተኮሰች፤ አጥር ለአጥር እየተንጠራራች የክፍሏን ጣሪያ ስታይ ሰነበተች። ክፍሏ ከግቢው ጀርባ ያለችው፣ በጣት የሚቆጠሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩባት ትንሿ ክፍል ናት። በመክፈቻው ዋዜማ ግን ኮሚቴዎ ለጥንቃቄ ሲል ከሌሎቹ ክፍሎች ዴስክ እንዲቀነስ አዝዞ ኖሮ፣ የተቀነሰው ዴስክ ማደሪያ ሲታጣ እዚያችው ክፍል ውስጥ እስከ ጣሪያ ተከመረ። ዴስኮቹ አሁን አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ነው ያሉት፤ ርቀት መጠበቅ ለእነሱ አልታዘዘም መሰል። ልጆቹ ደግሞ «ለጊዜው» ተብለው በመደበኛ ክፍሎች ተበተኑ።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ወንበርዎን ጠጋ አድርገው እንዲያነቡልኝ እለምንዎታለሁ። በግቢው ውስጥ የምልክት ቋንቋ የምታውቅ አንዲት መምህርት ብቻ አለች፤ እሷም የልጄ መምህርት ናት። ኮሚቴዎ የተማሪዎቿን ቁጥር አይቶ አነስተኛ ሆኖ ስላገኘው፣ «ለበለጠ አገልግሎት» በሚል በር ላይ አቁሞ የሙቀት መለኪያ አስያዛት። ዛሬ ይህች ሴት፣ ለዓመታት የተማረችውን ትታ፣ ጠዋት ጠዋት የልጆች ግንባር ላይ እያነጣጠረች ትውላለች። እጆቿ የግቢው ብርቅ እጆች ነበሩ፤ አንዱ መለኪያ ይዟል፣ ሌላው ሳኒታይዘር ይዟል። በእውነቱ ከሆነ ዱዳ ያደረጋችሁት ሰው እሷን ነው።

ልጄ በመጀመሪያው ቀን ሰልፏን ጠብቃ በሩ ላይ ስትደርስ መምህርቷ መለኪያውን በብብቷ ሸጉጣ፣ ናፍቀሽኛል፣ አድገሻል፣ ቶሎ ግቢ ከኋላሽ ሰው አለ ብላ በእጇ አወራቻት። ስንት ወር የራባት ልጅ ያገኘችው ጉርሻ ይህ ነበር። ታዲያ ለፍላፊዋ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በጎን ወጥታ፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ሄዳ፣ እንደገና ተሰለፈች። ሁለተኛ ተለካች፣ ሁለተኛ አወራች። ሦስተኛም ተሰለፈች። የቀረባትን ሁሉ፣ አባቷ በእጁ ያበላሸባትን ትምህርት ሁሉ፣ ከአንድ ግንባር ልኬት እስከ ሌላው ባለው ጊዜ ውስጥ ልትጠይቅ ነበር ዕቅዷ። እኔ ከሱቄ ሆኜ አያታለሁ፤ ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣብኝ።

የበሩ ጥበቃ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሬዲዮውንም በነጻ ሠርቼለታለሁ። ነገር ግን ሦስት ጊዜ የተለካች ልጅ ሲያይ ደነገጠና አመለከተ፤ ለእኔም «ጋሼ፣ ደህና ሰው እኮ ደጋግሞ ለኩኝ አይልም፣ አንድ ነገር ቢሰማት ነው» ሲል በቅንነት አስረዳኝ። መምህርቷ እየተሯሯጠች ልጅቷ ጤነኛ እንደሆነች፣ የፈለገችው ማውራት ብቻ እንደሆነ ብትናገርም፣ መመሪያዎ ጥርጣሬ ያለበት ተማሪ ሁለት ሳምንት ከቤት እንዳይወጣ ይላልና ልጄ እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ተመለሰች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የምናገረው ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው፣ የቀረውን እርስዎ ያውቃሉ። በታሪክ ውስጥ ስለ ወሬ ናፍቆት ወሸባ የገባች የመጀመሪያዋ ሰው ልጄ ሳትሆን አትቀርም፤ ለዚህም ክብር ስላበቋት አመሰግናለሁ።

አራተኛ። ሁለቱ ሳምንት አልቆ በተመደበችበት መደበኛ ክፍል ስትገባ፣ ከፊቷ የቆሙት መምህራን ሁሉ አፋቸው በማስክ ተሸፍኗል። መሸፈን እንዳለበት አልከራከርም፤ የባለቤቴ ሥራ የሰው ሬሳ የወጣበትን አልጋ ማጠብ ነውና በሽታው ምን እንደሆነ ለእኛ ቤት የሚነግር የለም። ልጄ ግን እጅ ባጣች ጊዜ የምታነበው ከንፈር ነበር፤ አሁን እጁንም ከንፈሩንም አጣች። ከሁሉ ኋላ ተቀምጣ፣ ሌሎቹ ደብተር ሲያወጡ ደብተር ታወጣለች፣ ሲነሱ ትነሳለች። በስም መጥሪያው ላይ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አልቀረችም፤ ሪፖርትዎ ላይ «ተገኝታለች» በሚለው ውስጥ እሷም አለችበት።

ስለ ማስኩ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ላክል፤ በየትኛው ቁጥር ሥር እንደሚገባ አላውቅም። ባለቤቴ በሽታውን ለእኛ እንዳታመጣ ስትሰጋ ቤት ውስጥም ማስኳን አታወልቅም። ልጄ የእናቷን አፍ ካየች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ባለፈው እሑድ እናትየዋ ምርር ሲላት ተነሳችና ወደ ውጭ ወጣች፤ በመስኮቱ በኩል ቆማ፣ መስታወቱን እንደተዘጋ ትታ፣ ማስኳን አወለቀችና «የኔ እናት፣ አለሁልሽ» አለቻት። ልጄ ከውስጥ ሆና አነበበች። ሁለቱም መስታወቱ ላይ ግንባራቸውን ተደግፈው አለቀሱ፤ እኔም ሄጄ የተሠራ ሬዲዮ ፈትቼ እንደገና ገጠምኩ።

አምስተኛ ብዬ የጀመርኩት ነገር ነበር፤ ስለ ሁለተኛው መንፈቅ የሬዲዮ ፈተና ነበር መሰለኝ። ይቅርብኝ። ቁጥሩን እዚህ ላይ ትቼ የመጣሁበትን ልናገር።

ልጄ ማውራት አቁማለች። አልታመመችም፣ አላኮረፈችም፤ ትበላለች፣ ትተኛለች። እጆቿን ግን ጭኖቿ መካከል ይዛ ትቀመጣለች። ከትናንት በስቲያ ውሃ ጠማት፤ ውሃ የሚለውን ምልክት ገና በልጅነቷ ከሁሉ አስቀድማ የተማረችው ነው፤ እሱን ከማሳየት ይልቅ ወደ ጆጉ ጠቆመችኝ። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። እስካሁን በቀልድ የጻፍኩት ሁሉ ከዚህ ፍርሃት የመጣ ነው። ልጄን እጇን ይዘን ወደ ቋንቋ ያስገባናት በስንት መከራ ነው፤ አሁን በሩ እየተዘጋባት ነው፣ እኔም በብይና በተኚ ላስቀራት አልችልም። ትምህርት ቢያመልጣት ዓመት ትደግማለች፤ ይህ ቢያመልጣት ግን በምን ትደግመዋለች?

በመጪው ሳምንት ኮሚቴዎ ለሁለተኛው መንፈቅ ዕቅዱን ለማጽደቅ እንደሚሰበሰብና የልጄ ክፍል ጉዳይም «በሦስተኛው ምዕራፍ እንዲታይ» ተብሎ እንደተያዘ ሰምቻለሁ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም ጨንቆኝ ነው በአደባባይ የምጽፍልዎ። የምለምነው ሀብት የሚጠይቅ ነገር አይደለም። መምህርቷን ይመልሱልን። ክፍሏ ትልቅ ናት ማለቴ አይደለም፤ ልጆቹ ግን ጥቂት ናቸው፣ ተራርቀው ቢቀመጡ እንኳ ይተያያሉ፤ የእነሱ ወሬ ደግሞ ትንፋሽ አይረጭም። ዴስኮቹን እኔ በትከሻዬ አወጣቸዋለሁ፤ ዝናብ እንዳይመታቸው ከሱቄ በረንዳ ሥር አሳድራቸዋለሁ። በር ላይ መለኪያ የሚይዝ ሰው ቸግሯችሁ እንደሆነም እኔ አለሁ፤ ጠዋት ጠዋት ሱቄን ዘግቼ፣ ያለ ደመወዝ፣ የሰፈሩን ልጅ ግንባር ሁሉ እለካለሁ። እኔ በሩ ላይ ብቆም ለመለካት ሁለቴ የሚሰለፍ ልጅ እንደማይኖር በሙሉ ልብ አረጋግጥልዎታለሁ።

ይህን ሳይታክቱ ያነበቡ እንደሆነ፣ ከማነስ በታች ያነስኩ፣ የተማሪ ቁጥር ለማሳደግ ከአንድ ልጅ በላይ ማበርከት ያልቻልኩ፣ የኮሚቴዎን የሬዲዮ ሞገድ በየቀኑ ስጠግን የምውል፣ ባለ ዕዳዎና ባለ ምስጋናዎ፣ ከበሩ ማዶ ያለሁት ሬዲዮ ጠጋኝ፣ በአካል መጥቼ እግርዎ ላይ ልወድቅ ስመኝ ርቀቱን ስለጠበቅሁ ብቻ የቀረሁ መሆኔን በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ማስታወሻ፦ በቢሮዎ ደጃፍ ላይ በተለጠፈው አዲስ ማስታወቂያ መሠረት፣ በወረርሽኙ ምክንያት ከእንግዲህ ተማሪዎች ቅሬታቸውን የሚያቀርቡት በስልክ ብቻ መሆኑን ተረድቻለሁ። ልጄ የራሷ የሆነ ቅሬታ አላት። በስንት ሰዓት ብትደውልልዎ ይመችዎታል?