ስለ አረንጓዴውና ስለ ቢጫው ደረጃ

ለተከበሩ የሕንጻችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት እንድታገኛችሁ እመኛለሁ። እኛ ውሃ ከማጣታችን በቀር ደህና ነን።

በቅድሚያ ምስጋናዬን ላቅርብ። የውሃ መሳቢያው ሞተር በተቃጠለ ሰሞን የሕንጻው የሁለቱም መወጣጫ ደረጃ ነዋሪዎች አንድ ላይ ሆነን ቢሮዎን ስናጨናንቅ፣ እርስዎ ሞተሩን ትተው እኛን ጠገኑ። አንዱን ደረጃ አረንጓዴ፣ ሌላውን ቢጫ አስቀብተው፣ ሞተሩ ሲሠራ ውሃው በጽዳት ነጥብ ለሚበልጠው ደረጃ ቀድሞ ይለቀቃል አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሞተሩ ያነሳብዎት ሰው የለም። አያቶቻችን በጫካ ሳሉ የማያውቁትን ኮቴ ሲሰሙ ድንጋይ ያነሱበት እጅ ዛሬም ትከሻችን ላይ እንዳለ በሁለት ቆርቆሮ ቀለም ስላሳዩን እናመሰግናለን።

ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

፩ኛ/ ልጆቼን እንደ ራሱ ልጆች የሚቆጣው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው፣ ቢጫዎች ከጥንትም ቆሻሾች እንደነበሩ ሰሞኑን ትዝ ብሎታል። የገዛ አማቱ ቢጫው ደረጃ ላይ እንደሚኖሩ ባስታውሰው፣ እሳቸውንም ድሮም አልወዳቸውም ነበር አለኝ።

፪ኛ/ በቢጫው መግቢያ ጎረምሶች ቆመው አረንጓዴ አያሳልፉም። በእኛም በኩል እንደዚሁ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ዱላ ይዘዋል። ለጽዳት ነው ይላሉ።

፫ኛ/ ታላቅ እህቴ በቢጫው ደረጃ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ላይ ከዋለች ከርማለች። ከውጭ ቀድቼ ውሃ የማደርስላት፣ ጎኗን የማገላብጣት እኔ ነኝ፤ የቀረኝ መንገድም ሁለቱን ደረጃዎች የሚያገናኘው የሰገነቱ በር ብቻ ነው። ያንን በር በመጪው ቅዳሜ ለማስበየድ ወገኖቼ እጅ አውጥተው ወስነዋል። በያጁ ዋጋ አልጠየቀም። የመግቢያችን መዝጊያ ሲገነጠል ስንለምነው ጊዜ ያጣ ሰው ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በሩ እንዳይበየድ ከቅዳሜ በፊት አንድ ቃል እንዲናገሩ፣ ይህ ከከበደዎት ደግሞ እህቴ በውሃ ጥም ስትሞት ነጥቡ ለየትኛው ደረጃ እንደሚያዝ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲገልጹልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በሁለት ቀለም ሕንጻ ሙሉ ሰው ለሚያስተዳድረው ጥበብዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የአረንጓዴው ደረጃ ነዋሪ፣ የቢጫዋ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ የእርስዎ ቤት ከታች፣ ከሁለቱ ደረጃዎች መሃል መሆኑን ሰዎች ማስተዋል ጀምረዋል። ትናንት ልብስ ሰፊው እርስዎ የማን ወገን እንደሆኑ ጠየቀኝ። በቢጫውም በኩል ይኸው ጥያቄ እንደተነሳ እህቴ ነግራኛለች። እስካሁን የእኛ ነው ያለ የለም።