አክስቴ ባትፈቅድም እንድወዳደር

ለሙያ ክህሎት ውድድር አስተባባሪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ ሚያዝያ ፱

ጉዳዩ፦ ያለ አሰሪዬ ፈቃድ በፀጉር ሥራ ውድድር እንድመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

፩. እኔ አመልካች የፀጉር ሥራ ሠልጣኝ ስሆን የተግባር ልምምዴን የማደርገው በአክስቴ ፀጉር ቤት ነው። እናቴ ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችኝ እርሷ ናት፤ የምተኛውም ከፀጉር ቤቱ ጀርባ፣ ፎጣ በምናሰጣበት ክፍል ነው። ስለዚህ ይህ አቤቱታ ያጎረሰኝን እጅ እንደ መንከስ እንዳይቆጠርብኝ አስቀድሜ እለምናለሁ።

፪. በኮሌጃችን ማጣሪያ አንደኛ ወጥቻለሁ። በዕጣ ለሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ረጅም ፀጉር ያላቸው ሴቶች ሲደርሷቸው፣ ለእኔ የደረሰችኝ በቀለም ፀጉሯ ተቃጥሎ የተቆራረጠ፣ በሻርፕ ተሸፋፍና የመጣች ሴት ነበረች። ዕድሌን ረገምኩ። የተጎዳውን እየቀነስኩ እስከ አንገቷ አሳጥሬ ስጨርስ መስታወቱን አየች። ከዚያ ሻርፗን አጣጥፋ፣ «ያዢው፣ ለእኔ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም» አለችኝ።

፫. ከዳኞቹ አንዷ የራሷ ፀጉር ቤት ያላት ናት። ሥልጠናሽን ስትጨርሺ ብቅ በዪ አለችኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ አክስቴ መቀስ አላስነካችኝም፤ ከመጋረጃው ጀርባ ፀጉር አጣቢ አድርጋኛለች። ደንበኞች ያቺ ያሸነፈችው ትቁረጠን ሲሉ፣ ወጥታለች ትላቸዋለች። አንዲት ደንበኛ ራሷን እያጠብኳት ሳለ ስለዚያችው ልጅ ጠየቀችኝ። ዓይኗ ላይ ፎጣ ስለነበር አላየችኝም። እኔም «እኔ ነኝ» አላልኳትም።

፬. በደንቡ መሠረት አሰሪ በአካል ቀርቦ ካልፈቀደ ሠልጣኝ ለዋናው ውድድር አይመዘገብም። አክስቴን ለምኛታለሁ። ያሸነፈች ሠልጣኝ ለቤቱም ስም ናት፣ ደንበኛ ታመጣለች፣ የሌላውን አሠራር አይታ ትመለሳለች አልኳት። የፀጉር ማድረቂያውን ካስክ እየወለወለች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ሁለት ልጆች አስተምሬ፣ እጃቸው ሲፈታ ጥለውኝ ሄዱ» አለች። «የሰው ቤት ማሟሻ ሆኜ አልቀርም። አንቺን አልሰጥም።»

እውነቷን ነው፤ ሄደዋል። ልምምዴን ሌላ ፀጉር ቤት ልጨርስ ብዬም ሞክሬ ነበር፤ ባለቤቶቹ ሁሉ ስለሚያውቋት እርሷን ሳናስፈቅድ አንቀበልሽም አሉ። ብወጣ ማደሪያ የለኝም፤ ብቀመጥ እጄ እየዶለዶመ ነው።

፭. በመሆኑም የአሰሪዬ ፈቃድ ቀርቶ በአሠልጣኞቼ ምስክርነት ብቻ እንድመዘገብ በትሕትና እጠይቃለሁ። አክስቴ እንድትወቀስ አልሻም። ይልቁንም በውድድሩ ዕለት ከአሰሪዎች ጋር መቀመጫ ይዘውላት ቢጠሯት ደስ ይለኛል። ዳኞቹ ያዩትን እርሷ አላየችምና።

ብታሸንፊ ወደ አክስትሽ ትመለሻለሽ ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ እመለሳለሁ ብዬ ክቡርነትዎን ልዋሽ አልችልም። አላውቀውም። እስከ ዛሬ እዚያ ቤት የኖርኩት መርጬ አይደለምና።

መልስዎን በተስፋ እየጠበቅሁ፣
ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የፀጉር ሥራ ሠልጣኝ