ስለ ዕድሜሽ ስመሰክር ያልተናገርኩት

ውድ ምራቴ ዲንኪቱ፣

ናጋ ነሽ? ሰላም ነሽ? ይህን ደብዳቤ በባልሽ መኪና ያልላክሁት ስለ እሱ የሚናገር ስለሆነ ነው። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ነገሌ ሳለሽ፣ ሙና ሴቶችን ከኤችአይቪ ለሚጠብቀው ፕሮጀክት ትመዘግብ ነበር። የልደት ወረቀት ስላልነበረሽ ዕድሜሽን እንድመሰክር ጠራችኝ። ገንዘቡን የሚሰጡት ፈረንጆች ከሃያ አራት ዓመት በላይ የሆነችውን አትመዝግቡ ብለዋል።

«አባ አረሮ፣ ሃያ አራት ይበሉና ልጻፋት» አለችኝ።

«ሃያ ስድስት ናት። የተወለደችው የአባቷ የውሃ ጉድጓድ በተናደበት ዓመት ነው። አባቷን ከአፈሩ ሥር ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ጉድጓዱ ሁለት ዓመት ቢታገስ ምን ነበረበት?»

አንቺ ሳቅሽ። እኔ አልሳቅሁም። ስምሽ ሳይጻፍ ወጣሽ፤ ምርመራውም፣ በሽታው ሳይዝ የሚከላከለው ክኒንም ቀረብሽ። እኔ ሐሰት አልተናገርኩም ብዬ ቀና ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

የጠየቁኝ ዕድሜሽን ነበር፤ እሱን ተናገርኩ። ስለ ባልሽ የጠየቀኝ የለም። ልጄ ጎሊቻ ቫይረሱ በደሙ እንዳለ ግን ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ከመኪናው ወንበር ሥር የክኒን ብልቃጥና የቀጠሮ ካርድ አግኝቼ አንብቤ ነበር። ስጠይቀው «አባ፣ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቱ አይግቡበት» አለኝ። ጠበቅሁ። ጭነት ሲበዛበት ክኒኑን ሳይወስድ እንደሚሰነብት አየሁ፤ አሁንም ጠበቅሁ። ባለፈው ሳምንት ጠየቅሁት። አልነገረሽም።

ሙና ሰሞኑን መጥታ ነበር። እርዳታው ሲቆም ሥራዋም ስለተዘጋ አሁን እዚያው አንቺ ባለሽበት ዶሎ ኦዶ በወንድሟ ሱቅ ናት። ፈረንጆቹ ካቆሙት እርዳታ የመከላከያውን ክኒን ለእርጉዝና ለምታጠባ ብቻ መልሰው ፈቅደዋል አለችኝ። በምን እንደሚለኩን አላውቅም፤ መጠየቁም ደክሞኛል። ማርገዝሽን ስነግራት «አባ አረሮ፣ ለዚህስ ይመሰክራሉ?» አለች። ብታሾፍብኝ አይደንቅም።

ደብዳቤውን የምትሰጥሽ እሷ ናት። አብራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ዛሬውኑ ተመርመሪ። ካልያዘሽ ክኒኑን ጠይቂ። ይዞሽ ከሆነም መድኃኒት አለ፤ በጊዜ ከጀመርሽ ልጁ ነጻ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍም፤ መጀመሪያ ተመርመሪ። ከዚያ የምትዪኝን ሁሉ ተቀምጬ እሰማለሁ። ጎሊቻ ማን ነገረሽ ካለሽ አባትህ በዪው። ካላመነሽ ፊርማዬን አሳዪው።

አማትሽ አረሮ