ዘጠኝ የቀረው ፊልም

ጥር 13 ቀን 1994፣ ኮምቦልቻ

ወንድምአገኘሁ ዛሬ ጠዋት ወደ ደሴ ተመለሰ። ለጥምቀት መጥቶ ሦስት ቀን ሰነበተ፣ ቤቱ ሞቆ ነበር። አሁን ጭር አለ።

ከመሄዱ በፊት ግቢ ውስጥ በርጩማዬ ላይ አስቀመጠኝ። "እማ፣ አብረን እንነሳ" አለ። ፎቶ አንሺ ልጅ ወልጄ አንድም ቀን አብረን ተነስተን አናውቅም። እሱ ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ነው።

ካሜራው ምስሉን ራሱ የሚያጠራ ነው። ድሮ ቀለበቱን ወዲያ ወዲህ ሲያዞር አውቃለሁ። ይኼኛው ቁልፉን እስከ ግማሽ ሲጫኑት ድዝዝ ይልና ያጠራል፣ ሲጨርስ ቲት ይላል። "ግን ሞኝ ነው" አለኝ እየሳቀ። "ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲሆን መሃላቸው ያለውን ግድግዳ ነው የሚያጠራው። ስለዚህ መጀመሪያ ጥራቱን አንቺ ላይ አስይዤው፣ ሮጬ መጥቼ አጠገብሽ ቁጢጥ እላለሁ።"

በርሜሉ ላይ አስቀመጠው። ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም… ቲት ቲት ቲት… እየፈጠነ ሄደ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። የሚፈነዳ መሰለኝ። የጦርነቱ ጊዜ ከጆሮዬ አልወጣ ይሆን? ብድግ ብዬ ሮጥኩ። ቀጭ!

"አበላሸሽው እኮ!" ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ነይ ሌላ፣ ፊልሙ ዘጠኝ ይቀረዋል።"

"መኪና ያመልጥሃል። ሂድ" አልኩት።

"እሺ፣ ዘጠኙን ቅዳሜ መጥቼ እጨርስብሻለሁ።"

ከዚያ በርበሬ ስቀነጥስ ዋልኩ።

ጥር 18

እጄ እስኪታዘዝልኝ አራት ቀን ፈጀ። የዚያን ዕለቱን፣ የጥር 14ን ልጻፈው።

ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ኮቴው ብዙ ነበር። ደህና ወሬ ብዙ ሆኖ አይመጣም፣ ያውም በጎህ። ስከፍት ገበያነሽ ናት፣ የሟቹ ባለቤቴ እህት። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ከኋላዋ የእድራችን ሰዎች። ልጄ ሰርካዲስ ከኔ ቀድማ ጮኸች።

"ሐረጎ ላይ…" አለ አንዱ።

ሐረጎ። ከዚህ ደሴ ድረስ የሚወጣው ያ ጠመዝማዛ። ከላይ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬን እምቢ ብሎት የእነ ወንዴን ሚኒባስ ይዞት ገባ አሉ። የሞተው በዋዜማው፣ ያን ጠዋት ነው። እኔ በርበሬ ስቀነጥስ።

አንድ ፎቶ ብንጨምር ኖሮ ያ ሚኒባስ ያመልጠው ነበር። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ።

ጥር 19

ሌላም አለ። ለማንም ያልነገርኩት።

ከቀብሩ ማግስት ትራፊክ ፖሊስ ቦርሳውን አመጣልን። ካሜራው ውስጡ ነበር፣ ጎኑ ተፍቋል። አናቱ ላይ ያለችው ትንሽ መስኮት 9 ትላለች። ማብሪያው ተዘግቶም ትላለች። እሱ የለም፣ ቁጥሩ አለ።

በሰልስቱ ገበያነሽ እንደ ደንቡ የሟቹን ዕቃ ይዛ ወጣች። ልብሱን ሰርካዲስ ያዘች። ገበያነሽ ካሜራውን ወደ ላይ እያነሳች፣ ፀሐይ መሃል ቆማ…

"የሰዉን ሁሉ መልክ ሲያነሳ የኖረ፣
የራሱን ሳያነሳ አፈር ውስጥ አደረ።"

ሰዉ በለቅሶ ተንሰቀሰቀ። እሷ ስታወዛውዘው ጣቷ የጎኑን መክፈቻ ነካ መሰለኝ። የጀርባው ክዳን ተበረገደ። ፊልሙ ፀሐይ ላይ አብለጨለጨ።

ወንዴ ስንት ጊዜ ነግሮኛል! "ፊልም ብርሃን ካየ አለቀለት" ይለኝ ነበር።

ዘልዬ ነጠቅኳት። ክዳኑን ዘጋሁ፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩት።

"አትጠገብ፣ አይዞሽ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ" አለችኝ አቅፋኝ። ምንም አላየችም።

ኋላ ብቻዬን ሆኜ ሳየው መስኮቷ ባዶ ነች። 9 የለችም።

ጥር 27

ሰርካዲስ "ለአርባው የሚቆም ፎቶ ያስፈልጋል" አለችኝ። ቤቱን ገለበጥነው። የሰው ሙሽራ፣ የሰው ተመራቂ፣ የሰው ክርስትና… ሙሉ ካርቶን። የሱ አንድ ብቻ። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ካርዱ ላይ ያለችው። ማኅተሙ አንድ ዓይኑ ላይ አርፏል። ያን ጊዜ ደግሞ ልጅ ነበር፣ ጺም እንኳ የለው። መታወቂያው አብሮት ጠፋ።

"ካሜራው ውስጥ ያለውን ለምን አናሳጥበውም?"

"አትንኪው!" ጮህኩባት። ደነገጠች።

ምን ልበላት? አክስትሽ ወንድምሽን ፀሐይ ላይ ሰጣችው ልበል? ገበያነሽ ይህን ብትሰማ በቁሟ ትሞታለች።

የካቲት 5

ካሜራው ሳጥን ውስጥ ነው፣ በጥቁር ጨርቅ። አልከፍተውም። አላበራውም። በሳጥኑ አጠገብ ሳልፍ እንኳ ቀስ ብዬ ነው።

ሳይታጠብ ከቆየ ምናልባት አለ። ታጥቦ ባዶ ቢወጣስ? ልጄን ሁለተኛ መቅበር አይደለም?

መልኩን እየረሳሁ ነው። ዛሬ የግራ ጉንጩ ላይ ጠባሳ ነበረ ወይስ የቀኝ… አጣሁት። 

የካቲት 9

"እኔ ደሴ ልውሰደውና ይታጠብ" አለች ሰርካዲስ። በዚያ መንገድ ሁለተኛ ልጅ ልላክ? እኔ እሄዳለሁ አልኳት። 

የካቲት 13

ሄድኩ።

ሚኒባሱ ውስጥ ካሜራውን ደረቴ ላይ አቀፍኩት። አጠገቤ ሂጃብ የለበሰች ወፍራም ሴት ተቀምጣለች። ረሂማ ነው ስሟ፣ ሽንኩርት ነጋዴ ናት።

"እማማ፣ እንቁላል ነው እንዴ እንዲህ ያቀፉት?"

"ልጄ ነው" አልኳት። ከአፌ አመለጠኝ።

ጥቁሬን አየች።  መንገዱ መጠምዘዝ ሲጀምር እጇን እጄ ላይ ጣል አደረገች። "አብሽሩ። ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ሲያልፍ እነግርዎታለሁ።"

ጨፈንኩ። መኪናው ሲያቃስት፣ ሲዞር፣ እንደገና ሲዞር ይሰማኛል። ከላይ የሚመጣ ሞተር በሰማሁ ቁጥር ካሜራውን እጨምቀዋለሁ። እግዚአብሔር ሆይ፣ ይቺን ብቻ።

"አልሐምዱሊላህ፣ አለፍን" አለችኝ። ስገልጥ እሷም እያለቀሰች ነው።

ወንዴ ይሠራበት የነበረው ፎቶ ቤት ባለቤት ጀማሉዲን ነው፣ ሥራውንም ያስተማረው እሱ ነው። ሲያየኝ ከባንኮኒው ኋላ ሮጦ ወጣ። ለሱ ሁሉንም ነገርኩት። የገበያነሽን፣ የፀሐይዋን፣ የዘጠኟን። አልነካውም። መጀመሪያ ጠየቀኝ።

"ከተከፈተ በኋላ ማብሪያውን አብርተውታል?"

"አላበራሁም። ፈርቼ።"

"ወላሂ፣ ፍርሃትዎ ነው ያተረፈው!"

ቀስ አድርጎ አስረዳኝ። ይህ ካሜራ ፊልም ሲገባበት መጀመሪያ ሁሉንም ከተጠቀለለበት ቀፎ ጎትቶ ያወጣዋል። ከዚያ አንድ ባነሳ ቁጥር የተነሳውን ወደ ቀፎው ይመልሳል። 9 ማለት ገና ያልተነሳው ነው። "ፀሐይ ያየው እሱ ነው እንጂ ሃያ ሰባቱ ጨለማ ውስጥ ናቸው። ቢያበሩት ኖሮ ሞተሩ አዲስ ፊልም ገባልኝ ብሎ ሁሉንም መልሶ ያወጣው ነበር። ከዚያ ሰው አንዴ ቢከፍተው… አለቀ።"

መተንፈስ ጀመርኩ። እሱ ግን አልጨረሰም።

"የመጨረሻዋ ብቻ ታሰጋኛለች፣ እማማ። ቀፎው አፍ ላይ ናት። ብርሃን ሾልኮ ሊደርስባት ይችላል።"

የመጨረሻዋ። የበርጩማዬ ናት እኮ!

"ነገ ይምጡ" አለኝ።

"እዚሁ እቀመጣለሁ።"

ጥቁር ከረጢት ውስጥ ሁለት እጁን ከትቶ፣ ሳያይ፣ በዳበሳ ፊልሙን አወጣው። ወደ ውስጥ ገባ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንዷ ለፓስፖርት ልትነሳ ከንፈሯን ትቀባለች። እኔ ግድግዳው ላይ ያሉትን የማላውቃቸውን ሙሽሮች ሳይ ቆየሁ። ሁሉም ወንዴ ያነሳቸው ናቸው። ሁሉም ወደሱ ነው የሚያዩት።

ጀማሉዲን ሲወጣ ፊቱን ላነብ ሞከርኩ። አልቻልኩም። አንዷን ፎቶ እጄ ላይ አስቀመጠ።

ግማሽ ጎኗ በቀይ እሳት ተበልቷል። እሳቱ የበላው እኔን ነው። የነጠላዬ ጫፍ ብቻ ሲሸሽ ይታያል። መሃል ላይ ወንዴ አለ። በርጩማዬ ላይ። አንድ እጁን ወደኔ ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ እየሳቀ። የቅንድቡ ጸጉር ይቆጠራል። ጠባሳው በግራ ነው።

"እንዴት እንዲህ ጠራ?" አልኩት።

"እርስዎ ላይ ነበር ያስያዘው። እርስዎ ሲነሱ እሱ ቦታዎ ላይ ተቀመጠ።"

ቦታዬ ላይ። እኔን በሱ ቦታ ብትወስደኝ እያልኩ አምላክን ስወቅስ የሰነበትኩ… ጀማሉዲን ውሃ አመጣልኝ። አልጠጣሁትም። ሳቁን እያየሁ ነበር።

ስመለስ ሐረጎ ላይ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቦታውን አየሁት። የተሰበረ መስታወት፣ ሣር፣ አንድ አህያ። ፈራሁ፣ ግን አየሁት።

የካቲት 22

አርባው ዛሬ ሆነ። ዓርብ ስለሆነ ሽሮና ምስር ነው ያበላነው። ፎቶው በትልቁ ታጥቦ በጠረጴዛ ላይ ቆመ። ቀሳውስቱ እንኳ ቆመው አዩት።

"ይሄ ቀዩ ምንድነው?" አለችኝ ገበያነሽ።

"ፀሐይ ነው" አልኳት። ይበቃታል።

ጀማሉዲንም ከደሴ መጥቶ ነበር። ሰዉ ሳይበተን ካሜራውን ከሳጥን አወጣሁና ሰጠሁት። አዲስ ፊልም ይዞ መጥቷል። "ላንሳችሁ" ሲል እምቢ አልኩ። "ማንም ከኋላ አይቀርም። አንተም ና። በዚያ በሚጮኸው አንሳን።"

በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ፎቶውን ታቅፌ። ገበያነሽ በቀኜ፣ ሰርካዲስ በግራዬ። በርሜሉ ላይ አስቀመጠው፣ እኔ ላይ አስያዘው፣ ሮጦ መጣ። ቀይ መብራት። ቲት ቲት ቲት…

ልቤ ያው ነው፣ ዘለለ። ጉልበቴም ሊነሳ አለ። ሰርካዲስ ክንዴን ያዘችኝ። አልተነሳሁም።

ይህን ደብተር ለራሴ ነው የጻፍኩት። ከኔ በኋላ ከሳጥኑ የሚያወጣው ሰው ግን ይኖራል። ማን እንደሆንክ አላውቅም። አማኝ ከሆንክ፣ በየትኛውም በኩል ብታምን፣ አንድ ጊዜ ቆም በልልኝ። ሰው የሚያውቀው ወንድምአገኘሁ ብሎ ነው፣ እግዚአብሔር ፊት ግን ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። በዚያ ስሙ ጥራውና ነፍስህን ይማር በለው።