የአባባ ቮልስና ሦስተኛው መስመር

ማክሰኝት ላለችው የቤቴ እመቤት፣

እንደምን ሰንብተሻል? አባባንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ከዘራቸውን ጥለው ገበያ ወጡ ሲሉኝ ደስ አለኝ። እኔ ሹም አቦ ሰፈር ጋራዤ ውስጥ፣ ያላንቺ ቤቱ ከመስፋቱ በቀር፣ ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። የማታ መምህራችን ፍሬ ስብሐት ከተማሪው ሁሉ ያንተ "ጨ" ታምራለች ብሎኛል። ስለ ሌሎቹ ፊደላት አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁት።

ወሬው እነሆ፦ የአባባ ቮልስ ተነሣች። እሳት የምትቆርጠውን አሮጌዋን ፑንቲና ነቅዬ በምትኳ ኤሌክትሮኒኩን ዕቃ ገጠምሁላት፤ ቀዩን ሽቦ እሳት ከሚሰጠው ቦቢና ፕላስ፣ ጥቁሩን ከማይነሱ። ታይሚንጓን፣ እሳቱ የሚረጭበትን ሰዓት፣ እንደ ልማዴ በጆሮዬ አስተካከልሁ። ጎሚስታው ክንዱ ግን ካላየሁ አላምንም ብሎ የታይሚንግ መብራት ተውሶ መጣ። ከሞተሩ ጋር በሚዞረው ፑሊ ላይ ሲያበራው ምልክቱ ቦታውን አልፎ ታየ። መብራቱ ርካሽ ስለሆነ ነው አልሁት። ክንዱም ስቆ፣ አንተን ደግሞ መቼ ጥፋት ነክቶህ ያውቃል አለኝ። ልስቅ ስል አንቺ ትዝ አልሽኝ። እሳት አከፋፋዩን ዲስትሪቢዩተር የፀጉር ያህል ዞር አደረግሁት። ምልክቱ ቦታው ገባ፤ ቮልሷንም እንደ አባባ ሳሉ ለቀቃት።

የመጀመሪያው ኤሌክትሮኒክ ዕቃ የተቃጠለበትን ቀን መቼም አትረሽውም። አንቺ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ የመለስሽውን የአገጣጠሙን ወረቀት ታነቢልኛለሽ፤ እኔ የመኪናዋን ቁልፍ ከፍቼ ትቼ ለደንበኞች ጉራዬን እነዛለሁ። ዕቃው ሲጨስ፣ አሳስተሽ አንብበሽልኝ ነው አልሁሽ፣ በሰው ፊት። ወረቀቱን አጥፈሽ አስቀመጥሽ። ከዚያ ወዲህ ምንም አንብበሽልኝ አታውቂም። አባባን ላስታምም ብለሽ ከሄድሽም ይኸው ስምንት ወር ሆነ፤ እሳቸው ድነዋል።

ወረቀቱን ከመኪናዋ ወንበር ሥር አገኘሁት። በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁት። ሦስተኛው መስመር፣ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉን ከፍተህ አትተው ይላል። ያኔም ያነበብሽልኝ ይህንኑ ነበር። ሰምቼሽም ነበር። ለክንዱና በዚያ ቀን ለነበሩት ሁሉ ይህንኑ ነገርኋቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የዓባይን ድልድይ ተሻግሬ እመጣለሁ። በር ላይ የማታስል ቮልስ ከሰማሽ እኔ ነኝ። ወረቀቱን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። አሁንማ እንደ ውሃ ነው የማነበው፤ ቢሆንም ስመጣ አንቺ አንብቢልኝ። ቁልፉን አልነካም።

የጣና ገዳማት ጸሎት ከአንቺም ከአባባም አይለይ፤ መንገዱን ለሁለታችንም ያቅናልን።

ባለ ጆሮው ባልሽ